ግፊቱ አልተኛም፤ የተኛነው እኛ ነን

በእኛ ሀገር ደም ግፊት «ይነሳል»። «ግፊቴ ተነሳብኝ»፣ «ልጄ፣ ግፊቴን አታስነሺው»፣ «ገበያ መሐል ተነስቶባት ወደቀች» ይባላል። የሚነሳ ነገር ቀድሞ ተኝቶ የነበረ ነው። ስለዚህ በሽታውን እንደ ሰፈር ውሻ እናየዋለን። ካልነኩት አይነክስም፤ ሲነሳ ግን ዱላ ይፈለግለታል። ዱላው ኪኒን ነው።

ነገሩ አነጋገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርን። ችግሩ መድኃኒቱም የሚዋጠው እንደ አነጋገሩ መሆኑ ነው። ራስ ሲያዞር ይዋጣል፣ ሲሻል ይቆማል። የመንግሥት አሠራርም ከዚህ ብዙ አልራቀም። በየዓመቱ ግንቦት 9 የዓለም የደም ግፊት ቀን ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ሰው ተሰልፎ ይለካል፣ ካሜራ ይቀርጻል፣ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤውን ሊያሳድግ ይገባል» ይባላል። ግንቦት 10 ድንኳኑ ይነቀላል። ከፍ ብሎ የተገኘበት ሰው ግንቦት 11 ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚከታተለው፣ መድኃኒቱን በምን ገንዘብ እንደሚገዛ የሚጠይቅ ግን የለም።

ክርክራችን አጭር ነው። ደም ግፊት የየዕለት ጉዳይ ነው፤ የየዕለት ጉዳይ በዓመት አንድ ቀን አይታከምም። መልሱ ሰው በሚኖርበት ቦታና ሰው ቤቱ በሚገኝበት ሰዓት መገኘት አለበት። ይህ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚፈጠር ማየት የፈለገ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ይምጣ።

ስሙ ያሳሳተን በሽታ

ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ የለመድነው ስም «ደም ብዛት» ነው። ይህን ስም ሰምቶ ደሙ የበዛ የሚመስለው ሰው ቢያጋጥማችሁ አትፍረዱበት። በዛ ከተባለ መቀነስ ነዋ! ዋግምት የሚሄደው፣ «ደም ብሰጥ ይቀልልኛል» የሚለው፣ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ደም ከየት አምጥቼ ይበዛብኛል» የሚለው ሁሉ ስሙን አምኖ ነው።

ደሙ አልበዛም። የበዛው ደም የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። በአፋን ኦሮሞም «ዺባ ዺጋ» ሲባል ያው የደም ግፊት ማለት ነው። ሲለካ ሁለት ቁጥር ይወጣል። የላይኛው ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ የደም ግፊት ይባላል። ልኬቱም ወግ አለው። ታክሲ ለመያዝ ሮጦ የመጣ፣ ቡና ጠጥቶ ገና አፉን ያልጠረገ፣ እያወራ የሚለካ ሰው ቁጥሩ ያታልለዋል። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ ክንድን በልብ ትክክል አሳርፎ፣ ዝም ብሎ ነው የሚለካው። አሥር ሰው ከኋላ እየገፋ ባለበት ሰልፍ ላይ ይህ እንዴት እንደሚሆን ለናንተ እንተወዋለን።

«የሐብታም በሽታ ነው» የሚሉም አልጠፉም። በ2007 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ በተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከመቶ ጎልማሶች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ከስድስት ሰው አንዱ እንደማለት ነው። ሀገራችን ከስድስት ሰው አንዱ ሐብታም የሆነባት ብትሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ጉዳይ ላይ በጻፍነው ነበር።

ዋናው ክፋቱ ደግሞ ዝምታው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያሳክክም፣ አያስነጥስም። ራስ ምታት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ራስ ምታት ሳይሆን ስትሮክ ነው፤ ወይ የልብ ድካም፣ ወይ የኩላሊት መድከም። «ተነሳ» የምንለው ያን ቀን ነው። እሱ ግን ለዓመታት ቆሞ ነበር።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በየካቲት 1937 ዓ.ም. ግብጽ ውስጥ በመርከብ ላይ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ በሚያዝያ መጀመሪያ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ። የዚያን ዕለት ግፊታቸው 300 በ190 ነበር። ከመሞታቸው ከዓመት በላይ በፊት ጀምሮ ሐኪሞቻቸው ግፊቱ ከፍ ማለቱን ያውቁ ነበር። ግን ምን ያድርጉ? መድኃኒቱ ገና አልተሠራም። የዓለም ኃያል ሀገር መሪ ያጣው መድኃኒት ዛሬ ቡራዩ አስፋልት ዳር ባለ ፋርማሲ ጠረጴዛ ላይ አለ። ጎረቤታችን በዚህ በሽታ ሲወድቅ «መድኃኒት የለውም» ማለት አንችልም። አለው። ያጣው በየዕለቱ የሚደርስለትን መንገድ ነው።

ሦስት መንገድ፣ አንድ ዓይነት ቀን

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ በተባለ አንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። አስተዳደሩ አንድ ይሁን እንጂ የብዙው ነዋሪ ቀን የሚያልፈው ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የሰበታው በዓለም ገናና በካራ ቆሬ አድርጎ አየር ጤና ይገባል። የቡራዩው በአስኮ ይወርዳል። የሱሉልታው የእንጦጦን ጋራ አቋርጦ አዲሱ ገበያ ይደርሳል። የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ ገፍቶ ያወጣው ሠራተኛ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ይሰለፋል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተሰልፎ ይመለሳል።

አሁን ይህን ሰው «ክትትል ጀምር» በሉት። ጤና ጣቢያ አለ፤ በዚህ አንከራከርም። ለድንገተኛ ሌሊትም ይከፈታል። የክትትል ክፍሉ የሚሠራው ግን በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። ያን ሰዓት ሰውየው ወይ መርካቶ ነው፣ ወይ ሰበታ ዳር ባለ ፋብሪካ ማሽን ላይ ቆሟል፣ ወይ አበባ እርሻ ውስጥ ጽጌረዳ እየቆረጠ ነው። የቀን ሠራተኛ በወር አንድ ቀን ለክትትል ቀረ ማለት የአንድ ቀን ደሞዝ ቀረ ማለት ነው። «የጤና ግንዛቤ የለውም» ተብሎ የሚወቀሰው እሱ ነው። ሒሳቡን ግን ከወቃሾቹ በተሻለ ያውቀዋል።

ሪፈር ከተጻፈለት ደግሞ የሰበታው ወደ አለርት፣ የቡራዩውና የሱሉልታው ወደ ጳውሎስ ይጓዛል። እነዚህ ሆስፒታሎች ከየክልሉ የሚመጣ ከባድ ሕመምተኛ የሚጨናነቅባቸው ናቸው። ግፊቱን ለክቶ ኪኒን ለመቀበል ብቻ የሚመጣ ሰው እዚያ ሰልፍ ላይ መቆሙ ለሱም ለሆስፒታሉም ኪሳራ ነው። ደም ግፊትን ለክቶ፣ መድኃኒት ጀምሮ፣ እያስተካከሉ መከታተል በሠለጠነ ነርስና በጤና መኮንን ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራል። ለዚህ ትልቅ ሆስፒታል አያስፈልግም።

ሱሉልታ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከተማዋ ከፍታዋ ለሩጫ ስለተመቸ ዓለም ያወቃቸው አትሌቶቻችን ይለማመዱባታል፤ ከባሕር ማዶም ሯጮች ይመጣሉ። ንጋት ላይ በአንድ ጎን አትሌት ለሜዳሊያ ይሮጣል፣ በሌላው ጎን ነዋሪው ለታክሲ። «ስፖርት ሥሩ» የሚለው ምክር ለዚህ ሰው ሲነገር ጆሮው ላይ ምን እንደሚመስል አስቡት። ምክሩ ልክ ነው፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ግፊትን ይቀንሳል። ግን ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ለሚውለው ሾፌር፣ ማሽን ላይ አጎንብሳ ለምትውለው ልብስ ሰፊ ሰዓትና የሚራመዱበት መብራት ያለው የእግረኛ መንገድ ካልተሰጣቸው ምክሩ ስድብ ይሆናል።

ጨው በማን እጅ ነው?

ከምክሮች ሁሉ የሚበዛው «ጨው ቀንሱ» ነው። እኛም እንላለን፣ ቀንሱ! የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያንሳል። ያው የ2007ቱ ጥናት የኛን አማካይ 8.3 ግራም አድርጎታል። ወጥ ላይ ብቻ አትፈልጉት። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፤ ማጣፈጫ ከተደረገ እሱም ጨው ነው። ዳቦው ጨው አለው። በጨው ቡና የሚጠጣበት ቤትም አለ። ቤት ውስጥ የሚቻለው ግልጽ ነው፦ ሽሮና በርበሬ ያለ ጨው ማስፈጨት፣ ጨውን በጣት ሳይሆን በማንኪያ መለካት፣ ማጣፈጫውን መተው። ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ክኩ እኮ ዱሮም የኛ ናቸው። የጾም ወጣችን ዘይቱና ጨው ከቀነሰ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የጤና መጽሐፍ አያስፈልገንም።

ግን ምሳውን ፋብሪካ ካፌ፣ እራቱን ሽሮ ቤት የሚበላ ሰው ጨውን በማን እጅ ይቀንሰው? እዚህ ላይ መንግሥት «ኅብረተሰቡ» እያለ ጣቱን ወደኛ ሲቀስር አንቀበልም። ጨው ውስጥ መግባት ያውቅበታልና! በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። እንቅርትን ለመከላከል ከጨው ነጋዴ ጋር ግብግብ የገጠመ መንግሥት፣ ስትሮክን ለመከላከል ከዳቦና ከማጣፈጫ አምራች ጋር መነጋገር አያቅተውም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 በታሸጉ ምግቦችና በዳቦ ውስጥ የሚገባውን ጨው በሕግ ወስና ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላዋለች። እኛም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሲጋራን ከሕዝብ ቦታ አስወጥተን የአልኮል ማስታወቂያን ገድበናል። ለአስርት ዓመታት ቢራ ስትጠምቅ በኖረችው ሰበታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ታዲያ ጨው ላይ ሲደርስ ምን አዘገየን?

ኪኒኑ ለምን ይቆማል?

ከመካከላችን የአንዷ እናት ከሦስቱ ከተሞች በአንደኛው ይኖራሉ። ኪኒን ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚከታተሉበት ቦታ መድኃኒቱ አንድ ወር ይኖራል፣ ሁለት ወር «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። ከውጭ ዋጋው ሲጨምር አንዱን ኪኒን ለሁለት ሰብረው፣ ቀን እየዘለሉ መዋጥ ጀመሩ። ልጃቸው ደርሳበት «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» ስትላቸው «ተሽሎኝ ነው» አሉ። ፋርማሲ ሄደው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር 170 ሆኖ ተገኘ። «ተሽሎኝ ነው» የሚለው መልስ ሲፈታ «የቤት ኪራይ ወር ነው» ማለት ነበር።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ሰው ስለሚያፍር አይናገረውም። አምሎዲፒን አንዳንዱን ሰው እግሩን ያሳብጠዋል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያመላልሳል። ጠዋት ኪኒኗን ውጣ ከሰበታ ተነስታ መንገድ ተዘጋግቶ ሁለት ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ የምትቀመጥ ሴት ምን ትሁን? ወያላውን «አቁምልኝ» ትበለው? ስለዚህ የሥራ ቀን ትተወዋለች። ይህን ለሐኪሟ ብትናገር መድኃኒቱ ሊቀየር፣ ሰዓቱ ሊስተካከል ይችል ነበር። ግን ሐኪሙ ቀና ብሎ «ኪኒኑ ምን አደረገሽ?» ሳይላት ካርዷን ገልብጦ ቀጣዩን ይጠራል። ከሱ ደጃፍም ሰልፉ ረጅም ነው።

ደግሞም ጦስኝ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ሽፈራው አለ። ጦስኝ ሻይ ይጥማል፤ ጠጡት። ነጭ ሽንኩርቱንም ብሉት። ለኪኒን ምትክ አድርጎ የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑ። ጸበልስ? ጸበልና ኪኒን አይጣሉም። ኤችአይቪ ሕዝባችንን ባጨደበት ዘመን ሰዎች መድኃኒታቸውን ጥለው እንጦጦ ሲወጡ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል አስተምረዋል። ይህ ትምህርት ለግፊትም ይሠራል። የጾም ሰዓትንም ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ማስማማት ይቻላል፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች በቀን አንዴ የሚዋጡ ናቸው።

«ድሃ ሀገር ነን» ለሚሉን

የሚመጣውን መልስ እናውቀዋለን፤ «በጀት የለም፣ ድሃ ሀገር ነን» ይባላል። በ1997 ዓ.ም. ግን ይህችው ድሃ ሀገር የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መስጠት ጀመረች። እርግጥ የውጭ እርዳታ ነበረበት። ገንዘቡ ብቻውን ግን በቂ አልነበረም። ዕድሜ ልክ በየዕለቱ የሚዋጥ መድኃኒት ለገበሬውም ለሾፌሩም አድርሰን፣ የቀረውን ሰው ስልክ ደውለን ፈልገን፣ ለተረጋጋው ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት ድረስ ተራምደናል። «የኛ ሰው በየዕለቱ ኪኒን አይውጥም» የሚለው ወሬ ያኔ ሞቷል። ሥርዓቱ ከተዘረጋለት ይውጣል!

ግፊትን አለማከም ርካሽ የሚመስለው ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ቦታ ስለሚወራረድ ነው። ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት፣ የሕመምተኛ ፎቶ የተለጠፈበት ሚኒባስ በየከተማችን እየዞረ «ወገኖቼ፣ ለኩላሊት እጥበት» ሲል ሰምታችኋል። እጥበቱ ለብዙው ሕመምተኛ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል፤ የሚያኮራ ሥራ ነው፤ ግን ለስንቱ ይደርሳል? ኩላሊትን ከሚያደክሙ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ያልታከመ ግፊት ነው። ያኔ ኪኒን ያልገዛንለትን ሰው ዛሬ በሚኒባስ እንለምንለታለን። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣና ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች ያጠቃለለ ትንተና፣ የላይኛው ቁጥር በ10 ሲቀንስ ስትሮክ በ27 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በ10 ብቻ!

ይህን ግን ብቻችን የምንሸከመው ጉድለት አድርገን አንሳለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አምስት ሰዎች አራቱ በቂ ሕክምና አያገኙም። ስለዚህ ሀገር መስደብ ፍላጎታችን አይደለም። የምንለው፣ መንገዱን የምናውቀው ሰዎች ነንና እንሂድበት ነው።

የምንጠይቀው

አንደኛ፣ የግፊት ኪኒን በጤና ጣቢያ ሳይቋረጥ ይገኝ። ዛሬ ስንት የሰበታና የቡራዩ ሰው በከነማ ፋርማሲ ርካሽ ፍለጋ አዲስ አበባ ይገባል? ሁለተኛ፣ ግፊቱ ለተስተካከለለት ሰው የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጥ፤ ለኤችአይቪ የሠራ ለዚህም ይሠራል። ሦስተኛ፣ በሳምንት አንድ ማታና ቅዳሜ ግማሽ ቀን የክትትል ክፍሉ ይከፈት፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ያናግር። አራተኛ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን መለኪያ ይያዙ፤ የቀረውን ታካሚ ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁት። አምስተኛ፣ የፋብሪካና የአበባ እርሻ ባለቤቶች ሠራተኛቸውን ጊቢ ውስጥ ያስለኩ፣ ለክትትል ሲሄድም ደሞዝ አይቁረጡበት።

ስድስተኛው መድኅን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ተስፋፍቷል፤ የግል ሥራ የሚሠራ ጎረቤት ያለው ሁሉ እንዲመዘገብ ይንገረው። በደሞዝ የሚተዳደረውን የሚሸፍነው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ደግሞ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲያ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ከአሥር ዓመት በላይ አለፈው። አዋጁ ሲወጣ ሥራ የጀመረ ወጣት ዛሬ ግፊት የሚይዝበት ዕድሜ ላይ ደርሷል።

ለናንተ ለአንባቢዎቻችን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን። ዕድሜያችሁ ከ30 ካለፈ ቁጥራችሁ ስንት ነው? የስልካችሁን፣ የታክሲ ታርጋውን፣ የሎተሪውን ሳይቀር ታውቃላችሁ። የእናታችሁስ? የአባታችሁስ? በዚህ ሳምንት አስለኩ፤ ከፍ ካለ በሌላ ቀን ድገሙት፤ ከጸና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኪኒን ከጀመራችሁ ስለተሻላችሁ አታቁሙ፤ የተሻላችሁ ስለምትውጡት ነው። መድኃኒቱ «የለም» ሲባል ደግሞ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። «ለምን የለም? መቼ ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ነገም ተመልሳችሁ ጠይቁ።